የናሳው 2ኛ ሬጅመንት እና ያልተጠየቀው ወታደር

የተከበራችሁ የታሪክ ማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶቻችን፤

ናፖሊዮን በ1815 ለመጨረሻ ጊዜ ድል የተነሣበት የዋተርሉ ውጊያ በሚታሰብበት በዚህ ምሽት እንድናገር ስለ ጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አብዛኞቻችን በፍራንክፈርትና በቪስባደን አካባቢ የምንኖር ስለሆንን፣ የምናገርለት የናሳው 2ኛ እግረኛ ሬጅመንት ከደጃችን የወጣ ጦር ነው ማለት ይቻላል። ባለፈው ዓመት በዚሁ አዳራሽ ይህ ሬጅመንት ከናፖሊዮን ወደ ጠላቶቹ በመሻገሩ «የከዳተኞች ጦር» ተብሎ ሲጠራ ግማሹ ታዳሚ ስቆ ነበር። እኔ አልሳቅሁም፤ ዛሬም የመጣሁት ያንን ፍርድ ልሞግት ነው።

የትንሿ የጀርመን ግዛት የናሳው ገዥዎች እ.ኤ.አ. በ1806 ናፖሊዮን ባቋቋመው የጀርመን ግዛቶች ማኅበር፣ በራይን ኅብረት፣ ሲገቡ የመስፍንነት ማዕረግ አገኙ፤ በምላሹም ለንጉሠ ነገሥቱ ጦርነት ወታደር የማዋጣት ግዴታ ወደቀባቸው። ማዕረጉ ለገዥዎቹ ሆነ፤ ዕዳውን ግን የከፈለው የገበሬው ልጅ ነው። 2ኛው ሬጅመንት በ1808 ወደ ስፔን ተላከ፤ በ1809 በሜደሊን፣ በታላቬራና በኦካኛ፣ በ1813 ደግሞ በቪቶሪያ ተዋጋ። ታላቬራ ላይ ፊት ለፊት የገጠመው የእንግሊዝን ጦር መሆኑን ያዙልኝ። የዚያ ወጣት ከስፔን ገበሬ ጋር ምን ጠብ ነበረው? ከእንግሊዙስ ጋር?

በጥቅምት 1813 ናፖሊዮን ላይፕዚግ ላይ ድል ተነሣ። ነፋሱ ወዴት እንደ ዞረ ያዩት የናሳው ገዥዎች በኅዳር ወር ወደ ተቃራኒው ጎራ ተሻገሩ፤ ለሬጅመንቱ አዛዥ ለኮሎኔል አውጉስት ፎን ክሩዘም እንዲሻገር በምስጢር ትእዛዝ ላኩ። ሬጅመንቱ በዚያን ጊዜ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ከባዮን ከተማ አጠገብ፣ በፈረንሳዩ ማርሻል ሱልት ጦር ውስጥ፣ ከእንግሊዙ አዛዥ ከዌሊንግተን ጋር እየተፋለመ ነበር። ታኅሣሥ 10 ቀን ሱልት ጥቃት ከፈተ፤ ቀኑን ሙሉ ሲተኮስ ዋለ። ሲመሽ ክሩዘ ሁለቱን የናሳው ሻለቆችና አንድ የፍራንክፈርት ሻለቃ ይዞ ከፈረንሳዮች ተለየና ወደ እንግሊዞች መስመር አመራ። ምስጢሩ እስከዚያች ሰዓት በጥቂቶች እጅ ነበር። እስቲ አስቡት፦ ከአምስት ዓመት በላይ የተዋጋህበትን ሰንደቅ ትተህ፣ ጠዋት ሲተኩስብህ ወደ ዋለው ሰው በጨለማ ትሄዳለህ፤ አንድ ጥይት በስሕተት ቢፈነዳ ከፊትም ከኋላም ልትመታ ትችላለህ። ክሩዘ ሰዎቹ እንደ ምርኮኛ እንዳይቆጠሩና ወደ አገራቸው እንዲላኩ ጠየቀ፤ በመርከብም ተላኩ።

እንግዲህ ከዳ የምትሉት ማንን ነው? ወታደሩ በ1808 ሂድ ተባለ፤ ሄደ። በ1813 ተሻገር ተባለ፤ ተሻገረ። ሁለቱንም ጊዜ ያልተጠየቀ ሰው፣ ቃሉን ሳይሰጥ ቃሉን አፈረሰ ተብሎ እንዴት ይወቀሳል? ጎራ የለወጠው ቤተ መንግሥቱ ነው! «የነጻነት ጀግኖች» እያሉ የሚያሞግሷቸውም ቢሆኑ ያው የገዥዎቹን ውሳኔ ለወታደሩ ያሸክማሉ።

ከሁሉ የሚያስቆጣኝ ግን ማንም የማያነሣው ነገር ነው። የዚያው ናሳው 1ኛ ሬጅመንት በዚያ ወቅት በስፔኗ ካታሎኒያ ውስጥ፣ በፈረንሳዩ ማርሻል ሱሼ ጦር ሥር ነበር። የባዮኑ ዜና ሲሰማ ፈረንሳዮች ያልሸሹትን ጀርመኖች ማመን አቆሙ፤ በባዮን የቀሩትን የሌላዋን የጀርመን ግዛት የባደንን ወታደሮች፣ በባርሴሎናም 1ኛውን ሬጅመንት ትጥቅ አስፈትተው ያዟቸው። እነዚህ ሰዎች ምንም አላደረጉም። ወንድሞቻቸው በመርከብ ሲሳፈሩ፣ እነሱ በወንድሞቻቸው ምክንያት ምርኮኛ ሆኑ። ትእዛዙን የጻፉት ገዥዎች ይህ እንደሚመጣ መገመት አቅቷቸው ነውን? እኔ አይመስለኝም።

ስለ ዋተርሉ ብዙ አልልም፤ እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። 2ኛው ሬጅመንት በሰኔ 1815 ናፖሊዮንን በሚዋጋው የኔዘርላንድስ ጦር ውስጥ፣ የ23 ዓመቱ የሳክስ ቫይማር ልዑል በርንሃርድ በሚመራው ብርጌድ ነበር።  ሰኔ 18 ቀን በሻምበል ቡስገን የሚመራው 1ኛ ሻለቃ፣ 800 ያህል ሰው ይዞ፣ በውጊያው ሜዳ ላይ ባለው በኡጉሞን የእርሻ ግቢ ተዋጋ፤ የእንግሊዝ ተራኪዎች ግን ስለ ግቢው በር መዘጋት ሲያወሩ እነዚህን ሰዎች ብዙውን ጊዜ ይዘሏቸዋል። ሌሎቹ ሻለቆች ሌላውን የእርሻ ግቢ፣ ፓፐሎትን፣ ሲጠብቁ ውለው፣ ወደ ማታ ለእርዳታ የደረሱት ፕሩሲያውያን የደንብ ልብሳቸውን አይተው ፈረንሳይ መስለዋቸው ተኮሱባቸው።

በቪስባደን ሉይዘንፕላትስ የቆመው ሐውልት በ1865 ለዋተርሉ ሙታን የተሠራ ነው። በሜደሊን የወደቀው፣ በባርሴሎና የታሰረው የዚያው አገር ልጅ ግን እዚያ ቦታ አልተሰጠውም። በመስከረም ማኅበራችን ወደዚያ ሲሄድ አስጎብኚው ስለ ባርሴሎና ዝም ካለ፣ ጥያቄውን የማነሣው እኔ ነኝ።