ቁስሉ ድኗል፤ ቀልቡስ?

[ምስል፦ ደቻቱ፣ ከሰዓት በኋላ። ደረቅ አሸዋ። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።]

የድሬዳዋ ልጅ የደቻቱን ወንዝ ያውቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ኳስ ይጫወቱበታል፣ ያቋርጡታል። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ግን ዘግይቶ ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣውን እስከ ዛሬ በዕንባ የሚያነሱት አሉ።

ደቻቱን ያነሳሁት ጭንቅላቱን ስለተመታ ልጅ ላወራችሁ ብዬ ነው። እዚያም ዝናቡና ጎርፉ ይራራቃሉ። አንዳንዴ በመሃላቸው ዓመታት አሉ።

[ምስል፦ ባጃጅ መታጠፊያ ላይ።]

የእህቴ ልጅ በ6 ዓመቱ ከባጃጅ ወደቀ። ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር። ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። በሦስተኛው ቀን ዓይኑን ገልጦ ውሃ ጠየቀ። ቤት ሲገባ ቡና ተፈላ፣ ጎረቤቱ ሁሉ መጣ፣ እልል ተባለ። ፀጉሩ አድጎ ጠባሳውን ሸፈነው። እኛም "ተመስገን፣ አለፈ" አልን።

አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ደህና ሄደ። አምስተኛ ክፍል ሲደርስ ነገሩ ተበላሸ።

[ምስል፦ የተገለጠ ደብተር፣ በቅርበት።]

አንድ ቀን የሳይንስ ደብተሩን ገለጥኩት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሙሉ ነው፣ ጽሑፉም ያምራል። ሁለተኛው መሃል ላይ ተቋርጧል። ከዚያ ባዶ መስመር። ከዚያ ደግሞ የሌላ አንቀጽ ጅራት። ሰሌዳው እየጠፋበት ነው። እሱ አንዱን መስመር ገልብጦ ቀና ሲል መምህሩ ዳስተር አንስተዋል።

ቤትም ያው ነው። "ሱቅ ሂድና ዘይት፣ ሳሙና፣ ክብሪት አምጣ" ይባላል። ሳሙና ብቻ ይዞ ይመጣል። መልሱ በእጁ ነው፣ አንድ ብር አልጎደለም። "ሌላውስ?" ሲባል ፊቱ ይቀላል። እኛ ምን አልን? ፈዛዛ አልነው። "አቦ፣ ይሄ ልጅ ሰነፈ!" አልነው። እኔም ብዬዋለሁ፤ አሁን ሳስበው ያመኛል። ያን ውድቀት ያስታወሰ ሰው ከመካከላችን አልነበረም።

[ምስል፦ የአንጎል ሥዕል። ግንባር አካባቢ ያለው ክፍል ቀለም ይቀባል።]

አንጎል ለስላሳ ነው። ጭንቅላት በኃይል ሲመታ ውስጥ ይናወጣል፣ ከአጥንቱ ጋር ይላተማል። አንዱን የአንጎል ክፍል ከሌላው የሚያገናኙት ቀጫጭን ክሮች ይለጠጣሉ፣ አንዳንዶቹም ይበጠሳሉ። ሲቲ ስካን ደም መፍሰስንና የአጥንት ስብራትን ደህና አድርጎ ያሳያል። ይህ የክሮች ጉዳት ግን ብዙ ጊዜ አይታይበትም። ስለዚህ "ሲቲው ምንም የለውም" ማለት "ልጁ ምንም አልሆነም" ማለት አይደለም።

ሐኪሞች ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ምን ያህል እንደነቃ ከ3 እስከ 15 በሚደርስ ነጥብ ይለካሉ። ዓይኑን ይገልጣል ወይ? ይናገራል ወይ? ሲታዘዝ ይንቀሳቀሳል ወይ? መለኪያው በ1974 እ.ኤ.አ. ከግላስጎው ከተማ የወጣ ነው፤ ስሙም የከተማዋ ነው። ብዙ ሕይወት አትርፏል። የሚናገረው ግን ስለዚያች ሰዓት ነው። ልጁ አምስተኛ ክፍል ሲገባ እንዴት እንደሚማር ከእሱ ብቻ አይታወቅም።

ታዲያ ችግሩ ለምን ዘግይቶ ይመጣል?

ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ቀልብ የምንሰበስብበት፣ የምናቅድበት፣ ራሳችንን የምንገዛበት ነው። ይህ ክፍል ብስለቱን የሚጨርሰው ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ አካባቢ ነው። የ6 ዓመት ልጅ ገና ብዙ አይጠቀምበትም። እናቱ ታስበዋለች፣ መምህርቷ "አሁን ደብተር አውጡ፣ አሁን ዝጉ" ትለዋለች። ከፍ ሲል መምህራኑ ይበዛሉ፣ ማስታወሻው ይረዝማል፣ "ራስህ አንብበህ ና" ይባላል። ያኔ ነው ጉዳቱ የሚጋለጠው። ልጁ ወደ ኋላ አልሄደም፤ የሚጠየቀው ነገር ነው ጥሎት የሄደው።

"ልጅ አይደል፣ ያድግበታል" የሚለው አባባላችን ለተሰበረ እጅ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ለአንጎል አይታመንም። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ በጣም ትንሽ ልጅ ከትልቁ የባሰ ሊጎዳ ይችላል፤ ገና ያልገነባው ብዙ ነዋ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው እንዳይደነግጥ። ቀላል ምት የደረሰበት አብዛኛው ልጅ በሳምንታት ውስጥ ደህና ይሆናል። ከምቱ በኋላ ግን ልጁ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም ከጆሮው ወይ ከአፍንጫው ፈሳሽ ከወጣ ቀጥታ ሆስፒታል ነው።

[ምስል፦ ግቢ ውስጥ ክዳን የሌለው የውሃ በርሜል።]

ውድቀት ብቻም አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ድሬ ላይ የወባ ወረርሽኝ ነበር፤ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የሚራባ አዲስ የትንኝ ዝርያ አለበት። ወባ አንጎል ላይ ሲወጣ ከዳኑት ልጆችም መዘዙ አብሯቸው የሚቆይ አሉ። ኡጋንዳ ውስጥ ከ2 ዓመት በኋላ የታዩ እንዲህ ያሉ ልጆች ከ4ቱ 1 ያህሉ በማሰብ ችሎታቸው ላይ ችግር ተገኝቶባቸዋል። ማጅራት ገትርም እንዲሁ ነው።

[ምስል፦ ቤት ውስጥ። መጋረጃ ተጋርዷል፣ ልጅ ምንጣፍ ላይ ተኝቷል።]

ምን ይደረግ? ቁጣ አይሠራም፤ ሞክረነዋል። የተጎዳ አንጎል ቶሎ ይደክማል፣ ሲደክም ይነጫነጫል። እዚህ ላይ የድሬ ሙቀት ባለውለታችን ሆነ። ቀትር ላይ ሰው ሁሉ ጋደም ይላል አይደል? ልጁም ከትምህርት ሲመጣ በልቶ ይተኛል። የቤት ሥራው አመሻሽ ላይ ነው፣ 15 ደቂቃ ሠርቶ ያርፋል፣ እንደገና ይቀጥላል።

ትዕዛዝ አንድ በአንድ ነው። ሱቅ ሲላክ በወረቀት ይጻፍለታል። ከፊት ወንበር ይቀመጣል። ማስታወሻውን ጓደኛው ያውሰዋል፣ አለዚያ እህቴ ሰሌዳውን በስልክ የሚያነሳላት ሰው ትለምናለች። ፈተና ላይ ትንሽ ተጨማሪ ሰዓት ሲያገኝ የሚያውቀውን ይጽፋል፤ ስናየው የማያውቅ ይመስለን የነበረውን ሁሉ። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ ማንም አይከለክልም። ከጎኑ ግን ሐኪም ይየው፣ መምህሩም ይወቅ።

መምህሩ ይወቅ ያልኩት ከሁሉም በላይ የጠቀመን እሱ ስለሆነ ነው። ክፍል ውስጥ 60 ልጅ ይዞ የቆመ ሰው ከ4 ዓመት በፊት የወደቀ ልጅ የትኛው እንደሆነ በምን ያውቃል?

[ምስል፦ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት። የእጅ ጽሑፍ።]

አሁን እህቴ በየመስከረሙ ለአዲሱ የክፍል ኃላፊ አንድ ወረቀት ትሰጣለች። እንዲህ ይላል፦

"መምህር፣ ልጄ በ6 ዓመቱ ጭንቅላቱን ተመቶ ነበር። ይገባዋል፣ ግን ቀስ ይላል። ሰሌዳውን ከማጥፋትዎ በፊት እባክዎ አንዴ ወደ እሱ ይመልከቱ።"