ለኮከብ የትኛውን ካሜራ ልግዛ?

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ከደብረ ብርሃን ነው፤ ድምፄ ከጎረነነባችሁ ብርዱ ነው።

«ኮከብ ለማንሳት የትኛው ካሜራ ይሻላል?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ጠያቂው የሚፈልገው አንድ ስም ነው። ካኖን በለኝ፣ ሶኒ በለኝ፣ ልሂድና ልግዛ። እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ፤ የት ቆመህ፣ በስንት ወር ልታነሳ ነው?

የትን ላስቀድም። ጊዜው እንደምታውቁት ነው። ጓሳ ወይም ጣርማበር ላይ ትራይፖድ ተክላችሁ እደሩ ብዬ ዛሬ ለማንም አልመክርም። በደህናው ጊዜም ቢሆን በጨለማ ሜዳ ላይ ባለ ሦስት እግር ነገር የሚተክል ሰው ያስጠረጥራል። እኔ የማነሳው ከከተማው ወጣ ካለው የቤተሰብ ግቢ ነው። ግቢ ውስጥ ክብደት አያስጨንቅም። ብርዱ ባትሪውን ቶሎ ቢጨርሰው ቤት ገብቶ መሰካት ነው። ታዲያ ቀላልና ትንሽ ለሆነ አዲስ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው ካሜራ) ለምን ተጨማሪ ብር ልክፈል? ያገለገለ ዲኤስኤልአር፣ ባለ መስታወቱ የቀድሞ ዓይነት፣ ይበቃኛል። የከተማው መብራት ግን ያስቸግራል፤ ሰማዩን ብርቱካንማ ያደርገዋል። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሲያማርር እኔ ካሜራዬን ይዤ እወጣለሁ። ይቅር በሉኝ።

አሁን ወሩ። ብዙ ሰው ኮከብ ማንሳት ሲባል የሚታየው የፍኖተ ሐሊብ፣ የእኛ ጋላክሲ፣ እምብርት ነው፣ ያ ደመና የመሰለው ደማቅ ቦታ። እሱ እኩለ ሌሊት ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ከሰኔ እስከ ሐምሌ ነው። ሰኔና ሐምሌ እኛ ጋ ምን እንደሆነ ለሰሜን ሸዋ ሰው አልነግርም። በየካቲትና በመጋቢት ጎህ ሳይቀድ ይገኛል፣ በልጉ ከፈቀደ። በጥቅምትም እንደመሸ በደቡብ ምዕራብ በኩል ለጥቂት ጊዜ ይታይና ይጠልቃል። ሰማያችን አስተማማኝ ሆኖ የሚጠራው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፣ ውርጩ በሚጥልበት። ያን ጊዜ ደግሞ አናታችን አጠገብ የሚቆመው ኦሪዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብ ነው።

ይሄ ለምን ይጠቅማል? ሌንሱን የሚመርጥላችሁ እሱ ስለሆነ። ውጭ አገር ያሉ አስተማሪዎች ሰፊ ሌንስ (ብዙ ሰማይ በአንዴ የሚይዝ) ግዙ ይላሉ፣ የእነሱ በጋ እምብርቱ የሚታይበት ስለሆነ። ለእኛ ኅዳርና ታኅሣሥ ግን 50 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 1.8 የሆነው ርካሽ ሌንስ ይሻላል ባይ ነኝ። ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል። ከካሜራው ጋር የሚመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚሄደው ሌንስ ቢበዛ ኤፍ 3.5 ድረስ ነው የሚከፈተው። 50ው ከዚያ አራት እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል።

50ው ዋጋ የሚያስከፍለው ግን በሰከንድ ነው። ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ይዞራል፤ ሹተሩ (የካሜራው መዝጊያ) ተከፍቶ ብዙ ከቆየ ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ሰረዝ ይሆናል። ግምቱን ለማግኘት 500ን ለሌንሱ ሚሊሜትር ታካፍላላችሁ። ሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ትንሽ ከሆነ፣ ለምሳሌ ክሮፕ የሚባለው የካኖን ዓይነት ከሆነ፣ ሚሊሜትሩን መጀመሪያ በ1.6 ታባዛላችሁ። 18ቱ 17 ሰከንድ ይሰጣችኋል፣ 50ው 6 ብቻ። ኦሪዮን ያለበት ሰማይ ደግሞ ኮከብ በጣም የሚሮጥበት ስለሆነ እኔ ወደ 4 አወርደዋለሁ። መፍትሔው ብዙ ማንሳትና በኮምፒውተር መደራረብ ነው። 16 ፎቶ ሲደራረብ ፎቶውን የሚያሻክረው ነጠብጣብ (ኖይዝ የሚሉት) ወደ ሩብ ይወርዳል። ፎቶ የሚደራርበው ሲሪል የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው።

ሜጋፒክሰሉን ተዉት። ካሜራው ሁሉን ነገር በእጅ ማስተካከል ያስችል፣ ሮው ፋይል (ያልተነካካ ጥሬ ፎቶ) ያውጣ፣ በስክሪኑ ላይ ኮከብ አጉልቶ ያሳይ። ያገለገለ ስትገዙ ሱቁ ውስጥ እንዲህ አድርጉ። የሌንሱን ክዳን ግጠሙ፣ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) 1600 ላይ አድርጉ፣ ለ30 ሰከንድ አንሱ። ከዚያ ጥቁሩን ፎቶ አጉልታችሁ ከጥግ እስከ ጥግ ፈትሹ። ጥቂት ቀይና ሰማያዊ ነጠብጣብ የትም አለ። ሰንበር የመሰለ መስመር ከታያችሁ ግን አመስግናችሁ ውጡ። ሻጩ «ክዳኑን ረሳኸው እኮ ወንድሜ» ይላችኋል፤ ዝም በሉት።

ፎከስ ላይ ልቆይ፣ ፎቶ የሚበላሸው እዚያ ነውና። ሌንሱ ላይ ያለችውን የ∞ ምልክት አትመኗት። ሲሪየስን፣ የሌሊቱን ደማቅ ኮከብ፣ ስክሪኑ ላይ አምጡት፣ 10 እጥፍ አጉሉት። መጀመሪያ ያበጠ ክብ ይሆናል። ቀለበቱን በጣም በቀስታ ስታዞሩ ክቡ እየጠበበ ይሄዳል፣ የመርፌ ጫፍ ያህላል፣ ትንሽ ካለፋችሁት እንደገና ያብጣል። መለስ አድርጉና በፕላስተር ለጥፉት። በጓንት አይሆንም፣ ያለ ጓንት ደግሞ ጣት ይደነዝዛል። የመንዝ በርኖስ ለዚህ የተሠራ ይመስለኛል፤ እጅን እስኪፈለግ ድረስ ደብቆ ያቆያል።

ካሜራውን ከሰማዩ ጋር እያዞረ ኮከብ ስለሚከተለው ሞተር፦ ጥሩ ነው፣ ግን በሰሜን ኮከብ ነው የሚስተካከለው። እኛ ጋ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ከፍታው። የእኔን የጎረቤት ባሕር ዛፍ ጋርዶታል። ከመግዛታችሁ በፊት ወጥታችሁ ወደ ሰሜን እዩ።

በቅርቡ አንድ የደብረ ሲና ልጅ ጻፈልኝ። ሰርግ ነው የሚያነሳው። ማጣሪያው የተነሳለት ካሜራ ልግዛ ወይ ይላል። የኔቡላ (በሰማይ ያለ የጋዝ ደመና) ቀዩ የሃይድሮጅን ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 656 ናኖሜትር ነው፤ ተራ ካሜራ ሴንሰሩ ፊት ያለው ማጣሪያ አብዛኛውን ያስቀረዋል። ለዚህ ተብለው ከፋብሪካ የወጡ ነበሩ፦ የካኖን 60ዲኤ እ.ኤ.አ. በ2012፣ የኒኮን ዲ810ኤ በ2015፣ የካኖን ኢኦኤስ አርኤ በ2019። ቀዩ ሲያምር አልክድም። ግን ማጣሪያው በወጣለት ካሜራ ቀን ሲነሳ ሰው ሁሉ ይቀላል። ያልኩት ይሄን ነው፦ ወንድሜ፣ ባለህ ካሜራ ላይ 50ውን ግጠም፣ ኅዳርን ጠብቅ። ኮከቡ ካልተመቸህም ሌንሱ ለሰርግ ይሆናል፤ ሙሽራ በኤፍ 1.8 አትከፋም።