ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ አልጋ 6፦ ነርስ እንዴት ታስባለች?

(ምስል፦ ደሴ በሌሊት፣ ጭጋግ። ቀጥሎ የሰርጂካል ዋርድ ኮሪደር።)

ደሴ ነን። ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ ብርዱም እንደምታውቁት ነው። የሌሊት ዱቲ ላይ ናችሁ እንበል። አልጋ 6 ላይ ከደላንታ የመጡ የ58 ዓመት አርሶ አደር ተኝተዋል። ሰውዬውን ለትምህርት ብዬ የፈጠርኳቸው ናቸው፤ ግን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ትልቁ አንጀታቸው ተጠማዝዞ ኦፕሬሽን ተደረጉ፣ ከወጡ 8 ሰዓት ሆኗቸዋል።

ልጃቸው መጣ። «ሲስተር፣ አባቴ ዕረፍት አጣ። እስኪ እይልኝ።»

የብዙዎቻችን እጅ ወዲያው ወደ ማስታገሻው ይሄዳል። ኦፕሬሽን የተደረገ ሰው ያመዋል፣ ያመመው ሰው ይገላበጣል፣ አለቀ። ሳንጠይቅ መለስን ማለት ነው።

ለዚህ ነው የክሊኒካል ሪዝኒንግ ዑደት፣ ማለትም ስለ ታካሚው ደረጃ በደረጃ የማሰብ መንገድ፣ የሚጠቅመው። አውስትራሊያዊቷ የነርሲንግ ምሁር ትሬሲ ሌቬት-ጆንስና ባልደረቦቿ በ2010 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። ታካሚውን ማየት፣ መረጃ መሰብሰብ፣ ማገናዘብ፣ ችግሩን መለየት፣ ግብ ማስቀመጥ፣ መሥራት፣ ውጤቱን መመዘን፣ ከዚያ በራስ ሥራ ላይ ማሰላሰል። ስምንቱን ለፈተና ትሸመድዷቸዋላችሁ። እኔ የምቆየው ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ነው፤ ሰው የሚያመልጠን እዚያ ነው።

(ምስል፦ ነርሷ አልጋው አጠገብ።)

«አባባ፣ እንዴት ነዎት?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ ልጄ።»

ወሎ ላይ ይህ ሰላምታ ነው፣ የምርመራ ውጤት አይደለም። ጥያቄውን ቀይሩት፦ «ከማታው ምን ተለየብዎት?» አሁን «ውኃ ጠማኝ፣ ልቤም ይመታል» አሉ።

ቢፒ (የደም ግፊት) 104/70። ፑልስ (የልብ ምት በደቂቃ) 116። ትንፋሽ 24፣ ሙሉ ደቂቃ ተቆጥሮ። (በነገራችን ላይ ቻርት ላይ የሁሉም ሰው ትንፋሽ 20 የሚሆነው በምን ተአምር ነው?) ጋቢውን ገለጥ አድርጉ። ድሬሲንጉ (የቁስሉ መሸፈኛ) ደረቅ ነው፣ ሆዳቸው ግን ከማታው ነፍቷል። ዩሪን ባጉ ውስጥ ያለው ያለፉት 4 ሰዓታት ሽንት 60 ሚሊ ሊትር ነው። እጃቸው ቀዝቅዟል።

የደሴ ብርድ ነዋ! ትሉ ይሆናል። እስኪ የልጁን እጅ ንኩ። ወንበር ላይ ያለ ጋቢ ነው ያመሸው፣ እጁ ግን ይሞቃል። አሁን የአባትየውን ጥፍር 5 ሰከንድ ተጭናችሁ ልቀቁ። ቀለሙ በ2 ሰከንድ ካልተመለሰ በብርዱ ብቻ አታመካኙ።

(ምስል፦ የቻርቱ ሁለት ገጾች ጎን ለጎን።)

104/70 ብቻውን ሲታይ «ኖርማል» ነው። ከኦፕሬሽኑ በፊት ግን 138/84 ነበር፣ ፑልሳቸውም 80። ሰውን ከራሱ ጋር አወዳድሩ። ሽንቱም እንዲሁ። 55 ኪሎ ናቸው፤ በሰዓት ቢያንስ በኪሎ ግማሽ ሚሊ ሊትር ይጠበቃል። በ4 ሰዓት 110 መሆን ነበረበት።

ደም ሲጎድል ሰውነት ልብን ያፈጥናል፣ የእጅና የእግር ደም ሥሮችን ያጠባል። በዚህ ብልሃት ቢፒው ለጊዜው ይያዛል። ቢፒ እስኪወድቅ የጠበቀ ዘግይቷል። እኔም ጀማሪ ሳለሁ እንዲህ ያለ ሰው ቻርት ላይ «ስቴብል» (የተረጋጋ) ብዬ ጽፌ ለጠዋት ተረኛ አስረክቤያለሁ። ሰዓት ሳይሞላ ተመልሰው ኦፕሬሽን ክፍል ገቡ። ተርፈዋል፤ እኔ ግን ያችን ቃል ስጽፍ እስከዛሬ እጄን ይይዘኛል።

ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል። በዚህ ሰዓት ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው የውስጥ መድማት ነው። ኦክስጅን፣ ሁለተኛ ወፍራም ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቱቦ)፣ ለሄሞግሎቢን (የደም መጠን ምርመራ) እና ለክሮስማች (የሚሰጠው ደም ከእሳቸው ጋር መስማማቱን ማረጋገጫ) ደም መቅዳት፣ በትእዛዙ መሠረት ፈሳሽ። ስልክም ወዲያው። «ደህና አይመስሉኝም» ብትሉ «እስኪ ጠብቂ» ትባላላችሁ። እንዲህ በሉ፦

«ዶክተር፣ አልጋ 6፣ ከኦፕሬሽን 8 ሰዓታቸው። ፑልስ ከ80 ወደ 116 ወጣ፣ ቢፒ ከ138 ወደ 104 ወረደ፣ ሽንት በ4 ሰዓት 60፣ ሆዳቸው እየነፋ ነው። ውስጥ ደም እየፈሰሳቸው እንዳይሆን ሰግቻለሁ። አሁኑኑ መጥተው ይዩልኝ።»

ስልኩን ዘግታችሁ ወደ አልጋው ተመለሱ፣ በየ15 ደቂቃው ለኩ። ልጁ ኮዳ ይዞ ቆሟል፣ አባቱን ውኃ ሊያጠጣ። እንደገና ኦፕሬሽን ሊገቡ ስለሚችሉ ምንም በአፋቸው አይገባም። ዝም ብላችሁ ኮዳውን አትቀሙት፤ ለምን እንደሆነ ቁጭ አድርጋችሁ ንገሩት።