እምቢ ያለችው ማን ናት?

እሺ... ዛሬ የተዘጋጀ ነገር የለኝም። ስለ ጋኑ ነው። የእማዬን ጋን መቼም ታውቁታላችሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም ነበርኩ። ማኅበሩ የእኛ ተራ ስለነበር ጠላ ተጠምቋል። እማዬ የጋኑን አፍ ስትከፍት እነዚያ ጥቃቅን ዝንቦች ብን አሉ። የሚጠራቸው የእርሾው ሽታ ነው። ድሮሶፊላ ይባላሉ። እኔም አላስቻለኝም፤ ጀመርኩላት።

ወንዱ ለሴቷ ዘር ብቻ አይደለም የሚሰጣት አልኳት። እጢዎቹ የሚሠሩት ፈሳሽ አለ፤ ውስጡ ብዙ ዓይነት ፕሮቲን ነው። አንዷ ሴክስ ፔፕታይድ ትባላለች። 36 አሚኖ አሲድ፣ ማለትም የፕሮቲን ጡብ፣ ብቻ ናት፣ ኢምንት። የዘሩ ጭራ ላይ ተጣብቃ ትገባና ቀስ በቀስ ትለቀቃለች። ከዚያ ሴቷ ሳምንት ለሚሆን ጊዜ ሌላ ወንድ ሲመጣ እምቢ ትላለች። እንቁላል መጣልም ታበዛለች። ወንዱ ጠረኑንም ይተውባታል፣ ሌሎቹ እንዲሸሿት።

ደስ ብሎኝ ነው የማወራው። እማዬ ጣሳውን እንደያዘች ቀጥ አለች።

«ታዲያ እምቢ ያለችው እሷ ናት ወይስ እሱ?»

አልሳቀችም። ወደ እኔም አላየችም። ጨርቁን መልሳ ጋኑ አፍ ላይ አሰረች። ሁለት ጊዜ ቋጠረችው።

በነገራችን ላይ ማንጎ ውስጥ የምናገኘው ትል የእነዚህ አይደለም። የሌላ ዝንብ ነው፤ ትልቅ፣ ጤነኛውን ፍሬ የሚወጋ። የአንዱ ዝርያ ወንድ ሜቲል ዩጂኖል የሚባል የእፅዋት ቅመም ይበላል፤ ለውጦ ፊንጢጣው አጠገብ ባለ እጢ ያከማቸዋል። ሴት መጥሪያ ነው። እንዴት እንደሚያምር... ቆይ፣ ከጋኑ ወጣሁ።

መልስ አልነበረኝም። በፈረንጆቹ 2008 የፔፕታይዷ መቀበያ፣ መልእክቷን የሚይዝላት ፕሮቲን፣ ተገኝቷል። ሴቷ አካል ውስጥ ያለ ነው፣ የራሷ። ስለዚህ እሷም አለችበት ልል ነበር። ግን መልስ ነው? ሰው ደግሞ ዝንብ አይደለም። አውቃለሁ።

በፈረንጆቹ 1995 የታተመ ጥናት አለ። ያ ፈሳሽ የበዛባቸው ሴት ዝንቦች ቶሎ ይሞታሉ። ይሄን ለእማዬ አልነገርኳትም። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

ስትዳር ስንት ዓመቷ እንደነበር ነግሬያችኋለሁ። አልደግመውም።

ትናንት ደወልኩላት። «ጠላውስ?» አልኳት። «አለቀ፣ ልጄ» አለችኝ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን። ልጠይቃት የፈለግኩት... እንጃ። መስመሩ ተቋረጠ፤ መልሼም አልደወልኩም።