አማዞንን ተዉት፣ ቦርከናን ሥሩ

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለንም፤ እኔና እናንተ ብቻ ነን። ከኋላዬ ውሃ ሲንጠባጠብ ከሰማችሁ ቧንቧ ተበላሽቶ አይደለም። የሚንጠባጠበው የዛሬው ርዕሳችን ነው።

ፓሉዳሪየም ይሉታል። ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ መሬት የሆነ የመስታወት ሳጥን ነው። ውሃና ዓሳ ብቻ ከሆነ አኳሪየም ነው። አፈርና ተክል ብቻ ከሆነ ቴራሪየም። ሁሉንም በአንድ ላይ ቪቫሪየም ብለው የሚጠሩም አሉ። ፓሉዳሪየም መሀል ላይ ያለው ነው፤ ረግረግ ማለት ነው። እናቴማ "ያ ረግረግህ" ነው የምትለው። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ቀድማ ታሳያለች፤ እሱን አትናገርም።

ዩቲዩብ ላይ የምታዩት ሁሉ የአማዞን ጫካ ነው። ኦርኪድና ብሮሚሊያድ የሚባሉ የሞቃት አገር ተክሎች፣ ቀለማቸው የሚጮህ ትናንሽ እንቁራሪቶች። ያ ዓለም ሌሊቱም ሞቃት ነው። ደሴ ግን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥን ጦሳ ተራራ ሥር የምታድሩ ታውቁታላችሁ፤ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ስለዚህ አማዞንን እዚህ ለማኖር ማሞቂያ ያስፈልጋል። ማሞቂያው መብራት ይፈልጋል። መብራቱ ደግሞ… በቃ፣ ወደዚያ አንግባ።

እኔ የምለው ቀላል ነው። አማዞንን ተዉት። ቦርከናን ሥሩ።

ቦርከና ወንዝ ከኛ ሰፈር ተነስቶ በኮምቦልቻ አልፎ ጨፋ ረግረግ ላይ ይተኛል። ከዚያ ወደ አዋሽ ነው። ከነገባሮቹ ዳሩን ተከትላችሁ ብትሄዱ የምታገኙት ተክል ብርድን ከልጅነቱ የለመደ ነው። ድንጋይ ላይ የተነጠፈው አረንጓዴ ሞስ አለ። ጥላ ሥር ያለው፣ ቅጠሉ እንደ ላባ የተከፋፈለው ፈርን አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቄጤማ አለ።

ቄጤማን ቡና ሲፈላ እንጎዘጉዘዋለን፣ ለበዓል እንጎዘጉዘዋለን፣ ከዚያ ጠርገን እንጥለዋለን። ማን እንደ ጌጥ ተክል አስቦት ያውቃል? ለፓሉዳሪየም ግን ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ሥሩ ውሃ ውስጥ፣ ቅጠሉ አየር ላይ ሆኖ የሚኖር ፍጥረት ነው። ቶሎ ስለሚያድግ የውሃውን ቆሻሻ እየመጠጠ ያጠራል። ሰኞ ገበያ የሚሸጠው ታጭዶ ስለሚመጣ አይሆናችሁም። ሥሩ ያለበትን አንድ ጭብጥ ከውሃ ዳር ንቀሉ፤ ይበቃል። ሲረዝም ትቆርጡታላችሁ። የቆረጣችሁትን ደግሞ ለቡና ጎዝጉዙት፤ የኛ ቤት እንደዚያ ነው የሚሆነው።

እንሶስላን የጠየቃችሁኝ አላችሁ። አዎ፣ ያው እጅና እግር የሚሞቅበት። እርጥበትና ጥላ ይወዳል፣ አበባውም ያምራል። ግን ቁመቱ ከሰው ወገብ ያልፋል። ሳጥኑን ገፍቶ ይወጣል። ለግቢ ተዉት።

ሳጥኑን መስኮት የሚሠራ ማንኛውም መስታወት ቆራጭ ይቆርጥላችኋል። የዓሳ ገንዳ ሠርቶ ባያውቅም ችግር የለም። 60 በ40 በ40 ሴንቲሜትር፣ ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር በሉት። ጠርዙን እንዲያለሰልስ ንገሩት። ውሃው ከ15 ሴንቲሜትር አያልፍም። ወለሉ በሙሉ ውሃ ቢሆን እንኳ 36 ሊትር ነው፤ 36 ኪሎ ማለት ነው። ድንጋይና አፈር ሲጨመርበት አስቡት። ለቴሌቪዥን የተገዛው ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ።

ማጣበቂያው ሲሊኮን ነው። ሲደርቅ አቼቶ አቼቶ የሚሸተውን ተራውን ግዙ። "ሻጋታ ይከላከላል" የሚለው ለመታጠቢያ ቤት የተሠራ ነው፤ ውስጡ ያለው መድኃኒት ሕይወት ላለው ነገር አይሆንም። ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ጠብቁ። ከዚያ ውሃ ሞልታችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩትና ማፍሰስ አለማፍሰሱን እዩ።

መሬቱ በኩል ከታች ጠጠር ይገባል፣ አራት አምስት ሴንቲሜትር። ከላዩ የመስኮት ወንፊት፣ ከዚያ አፈር። ጠጠሩ ትርፍ ውሃው ወደ ታች እንዲወርድ ነው። አለበለዚያ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። የከሰል ድቃቂ የሚጨምሩ አሉ፤ አይጎዳም፣ ግን ጥቅሙን ሰው ያጋንነዋል። አፈሩን ከባህር ዛፍ ሥር አታምጡ። የባህር ዛፍ ቅጠል ሌላ ተክል እንዳይበቅል የሚያደርግ ነገር አለው። ደሴ ዙሪያ ባህር ዛፍ የሌለበት ኮረብታ መፈለግ ራሱ ሥራ ነው፤ ቢሆንም ፈልጉ። ለእንጨት ወይራ ምረጡ፤ ጠንካራ ነው፣ ቶሎ አይበሰብስም። ቀቅሉት። ውሃውን ሻይ ቢያስመስለው አትደንግጡ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንጨቱ ላይ ነጭ ሻጋታ ይወጣል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው "ተበላሸ" ብሎ የሚያፈርሰው። አብሽሩ። ከአፈሩ ጋር የሚመጡ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ነጫጭ ነፍሳት አሉ፤ ስፕሪንግቴል ይባላሉ። ሥራቸው ሻጋታ መብላት ነው። ጊዜ ስጧቸው።

ውሃ ላይ ልቆይ፤ ነገሩ ያለው እሱ ጋ ነው። ሞስ እውነተኛ ሥር የለውም። ውሃውን የሚጠጣው በቅጠሉ ነው። የቧንቧ ውሃ ስትረጩበት ውሃው ይተናል፣ ጨውና ኖራው እላዩ ላይ ይቀራል። ሞሱ ቀስ በቀስ ቡኒ ይሆናል። መድኃኒቱ የዝናብ ውሃ ነው። ክረምት ላይ ሐምሌና ነሐሴን ደሴ ውሃ አይቸግራትም። ግቢ መሀል ሳፋ አስቀምጡ፣ ጀሪካን ውስጥ አጠራቅሙ። ከቆርቆሮ የሚንጠባጠበውን ግን አልመክርም፤ ቆርቆሮ ዚንክ አለበት፣ ውሃ ውስጥ ለሚኖሩ ትናንሽ ነፍሳት መርዝ ነው።

ዓሳ ለምትፈልጉ፣ ተክሉ ከተተከለ በኋላ ከአንድ ወር በላይ ታገሡ። የዓሳ እዳሪ አሞኒያ ያመነጫል፤ አሞኒያ ይገድላል። እሱን ወደማይጎዳ ነገር የሚለውጡ ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ጊዜ ይፈጃል። እነሱ ደግሞ ፓምፑ ውሃውን ሲያንቀሳቅስ የሚያገኙትን ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ሁሉን ነገር ለፓምፕና ለማጣሪያ የሰጠ ሰው መብራት በጠፋ ቁጥር ጭንቀት ላይ ነው። ቄጤማው ግን መብራት ኖረ አልኖረ ሥሩ እየመጠጠ ነው። የኔ ፓምፕ የሚሠራው መብራት ሲኖር ነው፤ ሲጠፋ ዝም ይላል፣ ማንም አይሞትም። ጉፒ የሚባለው ትንሽ ዓሳ ከ20 ዲግሪ በላይ ስለሚፈልግ ደሴ ላይ አልመክርም።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ግን ትችላላችሁ። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ስትደርሱ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላችኋል። ሙቀቱ በ4 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። እናንተ ጋ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ወባ። የወባ ትንኝ የቆመ ንጹሕ ውሃ ትወዳለች፤ ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ሳምንት ወይም ትንሽ ቢበልጥ ነው። ስለዚህ ክዳኑን በወንፊት ዝጉ። ጉፒ ካስገባችሁ ደግሞ እጩን እየለቀመ ይበላላችኋል።

ሌላው ቀንድ አውጣ ነው። ከወንዝና ከሐይቅ ዳር የሚለቀም ቀንድ አውጣ ብልሃርዝያ ሊያስተላልፍ ይችላል። ከተክል ጋር ተጣብቆ ይመጣል። ያመጣችሁትን ሥር በጓንት እጠቡ፣ እንቁላሉንም ፈልጋችሁ አስወግዱ። ከዚያ ባልዲ ውስጥ ለብቻው አቆዩት። ጥገኛው ያለ ቀንድ አውጣ ውሃ ውስጥ ከሁለት ቀን ብዙም አይዘልቅም።

እንክብካቤው ከዚህ በኋላ ትንሽ ነው። ጠዋት ጠዋት የፊት መስታወቱ በጉም ይሸፈናል፤ ክፍሉ ስለሚቀዘቅዝ ነው። ክዳኑን ፊትና ኋላ ጣት የምታህል ክፍተት ተዉለት (ኮምቦልቻ ያላችሁ ክፍተቱን በወንፊት ሸፍኑት)፣ ይገፈፋል። መብራቱን በቀን ከ10 እስከ 12 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ አብሩ። ፀሐይ በቀጥታ እንዳያገኘው፤ ውስጡ ይቀቀላል። ከዚያ በላይ እጃችሁን ሰብስቡ።

እጅ መሰብሰቡ ለኔ ከባዱ ክፍል ነው። የደሴ ሰው ተቀምጦ ማየት ያውቃል፤ ሦስት ጊዜ ቡና የሚጠጣ ሕዝብ ነው። ግን ማየትና አለመንካት ይለያያሉ። በ1829 ለንደን ውስጥ ናትናኤል ባግሾው ዋርድ የሚባል ሐኪም የእሳት እራት ሙሽሬ፣ ማለትም ገና ክንፍ ያላወጣውን፣ በአፈር አድርጎ ጠርሙስ ውስጥ ዘጋ። የእሳት እራቱን ሲጠብቅ ፈርን በቀለለት። ግቢው ውስጥ በከተማው የከሰል ጭስ እየሞተ ያስቸገረው ተክል ነበር። ከዚያ በኋላ ተክል በመስታወት ሣጥን ታሽጎ ባሕር መሻገር ጀመረ፤ የቻይና ሻይ ወደ ሕንድ የተጓዘው በዚህ ነው። ሰውዬውን የረዳው ነገር ቢኖር ጠርሙሱን አለመክፈቱ ነው። እኛ ቤት ደግሞ እጣኑም ከሰሉም በየቀኑ ይጨሳል። ሞሱ ክዳኑ ሥር ምንም አልሆነም።

የመጨረሻው ጥያቄ የእንቁራሪት ነው። "ከወንዝ ይዤ ላስገባ?" አትያዙ። እንቁራሪት የሚበላው የሚንቀሳቀስ ነፍሳት ነው፤ በየቀኑ ከየት ታመጣላችሁ? ደግሞም በዓለም ዙሪያ እንቁራሪቶችን የፈጀ ቆዳ ላይ የሚያድግ ፈንገስ አለ፤ በኛም ደጋ ተገኝቷል። ይዛችሁ አቆይታችሁ መልሳችሁ ስትለቁት በሽታ ከቦታ ቦታ ልታዛምቱ ትችላላችሁ። ድምፁን ከወደዳችሁ ክረምት ላይ ማታ መስኮት ክፈቱ። በነፃ ነው፣ እስኪነጋም አያቆምም።