አርባ ዓመት የሚሆናቸው ሰዎች ለምን በዙ?

የተከበራችሁ መምህራን፣ የዘንድሮ አዲስ የስታቲስቲክስ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ!

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ላይ ቆጣሪ ነበርኩ። ደጃፋቸው ላይ ቡና የሚወቅጡ እናት ዘንድ ደርሼ፣ «እማማ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «አርባ በለው ልጄ» አሉኝ። የበኩር ልጃቸውን ዕድሜ ስጠይቅ ደግሞ «እሱማ ሠላሳ ሞልቶታል» አሉ፤ ሙቀጫቸውን ሳያቆሙ። ጎረቤታቸውም አርባ፣ ከዚያ ወዲያ ያሉት አዛውንት ስድሳ።

እያንዳንዱ መልስ ስንት ጊዜ እንደመጣ ስለሚያሳየው የድግግሞሽ ሰንጠረዥ ተናገር ስትሉኝ ትዝ ያሉኝ እኚህ እናት ናቸው። አሠራሩ ቀላል ነው። በግራ ዕድሜውን፣ በመሀል ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጭረት፣ በቀኝ ድምሩን እንጽፋለን። አራት ጭረት ይቆማል፣ አምስተኛው በላያቸው ይጋደማል። እያንዳንዱን ዓመት ለብቻው ስናሰፍር ግን ሰንጠረዡ የሽማግሌ ጥርስ ይመስላል፤ 39 ላይ አንድ ሁለት ጭረት፣ 40 ላይ እስር በእስር፣ 41 ላይ ባዶ። በ0 እና በ5 የሚያልቁ ዕድሜዎች ያብጣሉ። የልደት ምዝገባ ባልተስፋፋበት አገር ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር ነው።

እንግዲህ ምድብ እናበጅ። 35–39፣ 40–44 ብንል ጉብታው ይለሰልሳል፤ ነገር ግን 38 ወይም 39 ሆነው «አርባ» ያሉት ሁሉ ወደማያገባቸው ምድብ ተሻግረዋል። 38–42 ብለን ብንመድብስ? አርባ መሀል ላይ ይቀመጥና ከግራም ከቀኝም የተጠጉት አብዛኞቹ በየቤታቸው ይገባሉ። የታተሙ የቆጠራ ሰንጠረዦች የመጀመሪያውን መንገድ ይከተላሉ፤ ከሌሎች አገሮች ጋር ለማወዳደር ስለሚመች አልነቅፈውም። ለራሴ ጥናት ግን ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

የምድብ ብዛት የሚነግር ቀመር መማራችሁ አይቀርም። ስተርጅስ የተባለ የስታቲስቲክስ ባለሙያ በ1926 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀመር ለ40 መረጃ ስድስት ያህል ምድብ ይሰጣችኋል። ተጠቀሙበት፤ ያቺን የሙቀጫ ደጃፍ ግን አያውቃትም። ደግሞ 20–25፣ 25–30 ብላችሁ እንዳትጽፉ! ሃያ አምስት ዓመት የሆነው ሰው የት ይግባ?

አሁን አንድ ወረቀት እየዞረ ነው። ከመኝታ ክፍላችሁ እዚህ አዳራሽ ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀባችሁ ጻፉበት፤ ሰንጠረዡን አብረን እንሠራዋለን። «አሥር» የሚለው መልስ እንደሚበዛ ግን ከአሁኑ እወራረዳለሁ።