«ምንም የለውም» ብለን ከመዝጋታችን በፊት፦ የዳርክ አምቢየንት አልበም አደማመጥ

ዮናስ፦ ዛሬ የምንገባው ወደ ዳርክ አምቢየንት ነው። ምት የለውም፣ አብዛኛውን ጊዜ ዘፋኝም የለውም፤ ረዘም ያለ፣ ጨለም ያለ፣ ቀስ እያለ የሚለወጥ ድምፅ ነው። ብዙ ሰው አንድ አልበም ይከፍትና አምስት ደቂቃ ጠብቆ «ይሄ እኮ ምንም የለውም» ብሎ ይዘጋዋል።

ሰላማዊት፦ ቢዘጋውም አይፈረድበትም፤ የሚሞክረው በስልክ ስፒከር ነዋ። የስልክ ስፒከር ከ200 ኸርዝ በታች፣ ማለትም በሰከንድ ከ200 ጊዜ ባነሰ የሚርገበገበውን ወፍራም ድምፅ፣ እምብዛም አያወጣም። የዚህ ሙዚቃ ዋናው ክብደት ያለው ደግሞ ከ30 እስከ 100 ኸርዝ ባለው ክልል ነው። ሰውዬው የደረሰው ላይ ላዩን ያለው ሽውታ ብቻ ነው።

ዮናስ፦ ላስትሞርድ የሚባለው ሙዚቀኛ በ1990 (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ያወጣውን «ሄረሲ» አልበም ውሰጂ። መሠረቱ ከመሬት በታች፣ በዋሻዎችና በመቃብር ክፍሎች የተቀዳ ድምፅ ነው። የቦታውን ስፋት የሚነግርሽ ዝቅተኛው ድምፅና ማስተጋባቱ ነው። እሱ ከተቆረጠ የሚቀርሽ ከሩቅ የሚሰማ ኳኳታ ነው።

ሰላማዊት፦ ስለዚህ ከማጫወቻው እንጀምር። ብዙ ወጪ ማውጣት ለማይፈልግ ሰው ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ሄድፎን በቂ ነው። በኢርፎን የምትሰሙ ከሆነ የጎማውን ልክ አረጋግጡ። ባስ ያለበት ቦታ ላይ እያጫወታችሁ ኢርፎኑን በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ጫን በሉት። ባሱ ድንገት ከጨመረ ጎማው አልገጠመም ማለት ነው፤ ዝቅተኛው ድምፅ በዚያች ክፍተት እያመለጠ ነው። አንድ ቁጥር ተለቅ ያለውን ቀይሩበት።

ዮናስ፦ የውጭ ድምፅ የሚቀንሰው ሲስተምስ?

ሰላማዊት፦ አውቶቡስ ውስጥ ይጠቅማል። ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ግን አጥፉት። ብዙዎቹ የራሳቸው የሆነ ቀጭን ሽሽታ አላቸው፤ በዚህ ዓይነት አልበም ላይ ያ ሽሽታ የሙዚቃው ክፍል ይመስላል።

ዮናስ፦ በስፒከር ሲሆን ደግሞ ከስፒከሩ ይልቅ ክፍሉ ነው የሚያስቸግረው። የድምፅን ፍጥነት፣ በሰከንድ 343 ሜትር ማለት ነው፣ ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ አካፍዪው። ክፍሉ 4 ሜትር ከሆነ ወደ 43 ኸርዝ ይመጣል። ያ ድምፅ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ግድግዳው ጋ ይበረታል፣ ትክክል መሀሉ ላይ ግን ይጠፋል። መሀል የተቀመጠ ሰው እዚያ ኖታ ላይ ምንም አይሰማም ማለት ይቻላል። ጀርባውን ለግድግዳ የሰጠው ደግሞ ከልኩ በላይ ይጮህበታል።

ሰላማዊት፦ ምት ባለው ሙዚቃ ይሄ ብዙም አይታወቅም፤ የባሱ ኖታ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። ድሮን፣ ማለትም ሳይቋረጥ የሚዘረጋው ድምፅ፣ ግን አንድ ኖታ ላይ አሥር ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። ኖታው ክፍሉ የሚያጠፋው ላይ ካረፈ አሥሩንም ደቂቃ ባዶ ነው የምትሰማው።

ዮናስ፦ ጥሩ መነሻ የሚሆነው ከክፍሉ ርዝመት 38 በመቶ ላይ መቀመጥ ነው፤ ለ4 ሜትር ክፍል ከጀርባችሁ ካለው ግድግዳ 1.5 ሜትር ገደማ። ከዚያ ድሮኑን ክፈቱና ወንበሩን 20 ሳንቲ ሜትር ወደፊት፣ 20 ወደኋላ እያደረጋችሁ አዳምጡ። ልዩነቱ በደንብ ይሰማል።

ሰላማዊት፦ ሦስተኛውን ስፒከር ሳናነሳ ማለፍ የለብንም። ሙዚቀኛው ብራያን ኢኖ በ1982 ያወጣው «ኦን ላንድ» የሚባለው አልበም ላይ ያቀረበው ሐሳብ ነው፤ እስከ ዛሬ እንደሱ ርካሽና ጠቃሚ ነገር አላየሁም።

ዮናስ፦ አሠራሩን ንገሪያቸው።

ሰላማዊት፦ ማጉያውን፣ አምፕሊፋየሩን ማለት ነው፣ መጀመሪያ አጥፉ። ሁለቱ ዋና ስፒከሮች እንደነበሩ ይቆዩ። የሦስተኛውን ስፒከር አንዱን ሽቦ ማጉያው ላይ ካለው ከግራው ቀይ ተርሚናል (የሽቦ መግጠሚያ)፣ ሌላኛውን ከቀኙ ቀይ ተርሚናል ጋር አገናኙ። ጥቁሮቹን አትንኩ። እንዲህ ሲሆን በግራና በቀኝ እኩል ያለው ድምፅ እዚያ ስፒከር ላይ ይጠፋፋል፤ የሚወጣው የሁለቱ ልዩነት ብቻ ነው። በአምቢየንት ላይ ልዩነቱ ማለት በአብዛኛው ማስተጋባቱና ወደ ጎን የተዘረጋው ድምፅ ነው። ስፒከሩን ከጀርባችሁ ስታስቀምጡት ክፍሉ ይሰፋል። ትንሽ ስፒከር ይበቃል፣ 8 ኦም ወይም ከዚያ በላይ ይሁን።

ዮናስ፦ ማስጠንቀቂያውን ግን ጠበቅ አድርገን እንናገር። ይሄ የሚሠራው ሁለቱ ጥቁር ተርሚናሎች የጋራ ግራውንድ ባላቸው፣ ማለትም ውስጥ ለውስጥ በተገናኙባቸው ማጉያዎች ላይ ነው። ብዙ አዳዲስ ትንንሽ ማጉያዎች እንደዚያ አይደሉም፤ መመሪያውን ሳታነቡ ብታገናኙት ማጉያው ሊበላሽ ይችላል።

ሰላማዊት፦ ወደ ቮሊዩም እንሂድ። ቮሊዩሙ ሲቀነስ ጆሯችን ባስ የመስማት አቅሙ ይደክማል። በ1000 ኸርዝ 40 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ላይ ያለን ድምፅ ያህል እንዲሰማን፣ 40 ኸርዝ ላይ ከ80 ዴሲቤል በላይ ያስፈልጋል። በጣም ቀንሶ የሚያዳምጥ ሰው ጥሩ ስፒከር ቢኖረውም ሥሩን ያጣል።

ዮናስ፦ ከፍ ማድረግም የራሱ አደጋ አለው። እነዚህ አልበሞች በጣም ዝቅ ብለው ይጀምራሉ፤ ሰው መግቢያው ላይ ቮሊዩሙን ይጨምርና ከአሥር ደቂቃ በኋላ ድምፁ ሲያብጥ ይደነግጣል። መፍትሔው ከኋላ መጀመር ነው። በጣም የሚጮኸውን ቦታ ፈልጋችሁ፣ እዚያ ላይ ለጆሮ በማይከብድ መጠን አስተካክሉና ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ቮሊዩሙን አትንኩት።

ሰላማዊት፦ አፑ ላይም ሥራ አለ። ክሮስፌዱን፣ ማለትም የአንዱን ትራክ መጨረሻ ከቀጣዩ መጀመሪያ ጋር የሚያደባልቀውን፣ አጥፉ፣ በትራኮች መካከል ክፍተት የሚያስቀረውን አብሩ፣ ባስ ቡስትና ኢኳላይዘር ይጥፋ። የድምፅ መጠን ማመጣጠኛው በትራክ ከሆነ ዝቅ እንዲል ተብሎ የተሠራውን ትራክ ከፍ ያደርገዋል፤ በአልበም የሚል ምርጫ ካለ እሱን፣ ከሌለ ማጥፋት። አልበሙ ሲያልቅ ሌላ ዘፈን የሚያስከትለውንም አትርሱ። ከአንድ ሰዓት ድሮን በኋላ ድንገት ከበሮ ሲመጣ ያስጠላል።

ዮናስ፦ እሺ፣ ሁሉም ተስተካከለ እንበል። ምኑን ነው የምናዳምጠው?

ሰላማዊት፦ ለጀማሪ ዊሊያም ባሲንስኪን እመክራለሁ፤ «ዘ ዲስኢንተግሬሽን ሉፕስ»፣ የመጀመሪያው ክፍል በ2002 የወጣ። የቆዩ የቴፕ ሉፖችን፣ ማለትም ጫፍና ጫፋቸው ተያይዞ የሚደጋገሙ የቴፕ ቁራጮችን፣ ወደ ዲጂታል ሲገለብጥ ማግኔታዊው ሽፋን ከቴፑ ላይ እየረገፈ ሄደ፤ አልበሙ ያ መርገፍ ነው። አንዲቷ ሐረግ ከአንድ ሰዓት በላይ ትመላለሳለች። ሐረጓን ሳይሆን በውስጧ የሚከፈቱትን ቀዳዳዎች ተከተሉ፤ መጀመሪያ ስንጥር ያህል ናቸው፣ ኋላ ከድምፁ ይልቅ ዝምታው ይበዛል። ለውጡ በግልጽ ስለሚሰማ ጆሮን ያሠለጥናል።

ዮናስ፦ እኔ ቀጥሎ የፖሊን ኦሊቬሮስን «ዲፕ ሊስኒንግ» አስከትላለሁ። በ1988 በዋሽንግተን ግዛት፣ ፎርት ዎርደን በሚባል ቦታ፣ ከመሬት በታች ባለ ባዶ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው የተቀዳው። ማስተጋባቱ 45 ሰከንድ ይቆያል። እዚያ ላይ ሥራችሁ አንድ ነው፤ አኮርዲዮኑ ወይም ትሮምቦኑ መቼ እንዳቆመና ጉድጓዱ ብቻውን መቼ መጫወት እንደጀመረ ለዩ። ቀላል ይመስላል፣ ግን አይደለም።

ሰላማዊት፦ ከዚያ ኤሊያን ራዲግ። ኤአርፒ 2500 በሚባለው ሲንተሳይዘር (በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚያመነጭ መሣሪያ) የሠራችው ሁሉ በዚህ መልኩ ሊደመጥ ይችላል። ሁለት ድምፅ በጣም ተቀራርቦ ሲቀመጥ፣ አንዱ 50 ሌላው 50.2 ኸርዝ ቢሆን፣ በየ5 ሰከንዱ አንድ ጊዜ ያብጥና ይሟሽሻል። ምት የሌለ ይመስላል እንጂ አለ። እብጠቱን ቁጠሩ፤ ቆጠራው ሲፈጥን ወይም ሲዘገይ ድምፆቹ ተንቀሳቅሰዋል።

ዮናስ፦ ቶማስ ኮነር ደግሞ? በ1993 የወጣው «ፐርማፍሮስት»።

ሰላማዊት፦ እሱን መጨረሻ ላይ አድርጉት። መነሻው ጎንግ፣ ማለትም እየተመታ የሚጮኽ የብረት ሳህን ነው፣ ግን ድምፁ እጅግ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከቤት ዕቃ ጋር ይምታታል። ፍሪጅ እንደ አገሩ የኤሌክትሪክ መስመር 50 ወይም 60 ኸርዝ፣ እንዲሁም እጥፉ ላይ ያጉረመርማል፤ ከድሮኑ ጋር ሲገናኝ አልበሙ ላይ የሌለ እብጠት ይፈጥራል።

ዮናስ፦ ለማጣራት ሙዚቃውን ለአፍታ አቁሙት። ጉርምርምታው ከቀጠለ የክፍሉ ነው፤ በሩን ዝጉ ወይም ወደ ሌላ ክፍል ሂዱና አልበሙን ከመጀመሪያው ክፈቱት።